«ትኩሳት በነካው ቁጥር ይደግመው ይሆን?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ፦

«አሰላሙ ዐለይኩም። የምኖረው ጅማ ነው። ወንድ ልጄ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። በ14 ወሩ ጉንፋን ቢጤ ይዞት ሳለ ድንገት ዐይኑ ተገለበጠ፣ ሰውነቱ ደረቀ፣ ከዚያ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰውነቱ ሲነካ እሳት እንደሆነ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታል ወሰድነው፤ ደሙም ከጀርባው የተቀዳው ፈሳሽም ታይቶ ‹ከትኩሳት የመጣ ነው፣ የሚጥል በሽታ አይደለም› ተባልን። ባለፈው ወርም ሲተኩሰው ደገመው። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። የጎረቤት ልጅ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ያዘች፤ አማቴ ምላሱን እንዳይውጥ ብለው የሻይ ማንኪያ በጥርሱ መሐል ከተቱ፤ የፊት ጥርሱ ተሸረፈ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ እጄ ግንባሩ ላይ ነው። ባይተኩሰውም ፓራሲታሞል በየአራት ሰዓቱ እሰጠዋለሁ። አማቴ እንጥሉ ይቆረጥ፣ ክትባትም ይቅርበት ይላሉ፤ የ15 ወሩን ሳላስከትበው ቀረሁ። አንዲት ጓደኛዬ ልጇ የሚወስደውን የመንቀጥቀጥ ኪኒን ሰጥታኛለች፤ ገና አልጀመርኩለትም። ባለቤቴም ሕፃን ሳለ እንዲሁ ያደርገው ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ምንም የለበትም። ኢንተርኔት ላይ ‹አምስት ደቂቃ ካልሞላው ቤት ማቆየት ይቻላል› የሚል አነበብኩ። ይደግመው ይሆን? ወደሚጥል በሽታ ይዞርበት ይሆን? በሚቀጥለው ወር ሥራ ልመለስ ነው፤ ለዒድ ደግሞ አሰንዳቦ እናቴ ጋ እንሄዳለን። ግራ ገብቶኛል።»

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን አላድበሰብስብሽም። አዎ፣ ሊደግመው ይችላል። ከጻፍሽልኝ ተነሥቼ ስገምት እንዲያውም የመድገሙ ዕድል ካለመድገሙ ያመዝናል። ይህን የምልሽ ላስፈራሽ አይደለም። «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አይመጣም» ብዬሽ በሚቀጥለው ጉንፋን ቢመጣ፣ የሐኪም ቃል ከንቱ ነው ትያለሽ፤ ቤቱም ወደ ክብሪቱና ወደ ማንኪያው ይመለሳል። ሊመጣ እንደሚችል አውቀሽ ብትዘጋጂ ግን ልጅሽ የሚጎዳበት መንገድ በጣም ይጠብባል። ከትኩሳት ጋር መጥቶ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ መንቀጥቀጥ በራሱ ልጅን አይገድልም፣ አንጎሉንም አይጎዳም። ጉዳት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ስንደናገጥ በእጃችን ከምናደርገው፣ ወይም ትኩሳቱን ያመጣው በሽታ ሳይታወቅ ከመቅረቱ።

እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ ነው። በብዛት የሚነሣው ልጁ ዓመት ሞልቶት ዓመት ተኩል እስኪሆነው ባለው ጊዜ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን ያገኛቸዋል፤ በጃፓን ከዚያም ይበልጣል። የሕፃን አንጎል ገና እየበሰለ ያለ ነው፤ ትኩሳት ሲነሣበት ከትልቅ ሰው አንጎል ይልቅ ቶሎ ይናወጣል። አንዳንዱ ልጅ ይህን በዘር ይወርሳል። አንቺ ያጎደልሽው ነገር አልነበረም። ብርድ መታው፣ ዓይን በላው፣ ጡት ቶሎ ጣልሽ የሚሉሽ ቢኖሩ አትስሚ።

አንድ ጊዜ ካንቀጠቀጣቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱን ያህል ይደግመዋል። የመጀመሪያው ገና ዓመት ሳይሞላው ከሆነ ግማሽ ለግማሽ ይጠጋል። የማን ልጅ ይደግመዋል የሚለውን ለመገመት ሐኪሞች አራት ነገር ያያሉ፦ ሲጀምረው ከ18 ወር በታች ነበር ወይ፣ ከእናት ከአባት ወይም ከእህት ወንድም ይህ የነበረበት አለ ወይ፣ ሲያንቀጠቅጠው ትኩሳቱ ምን ያህል ነበር፣ ትኩሳቱ ከተነሣስ ስንት ሰዓት ቆይቶ ነው ያንቀጠቀጠው። ሦስተኛው ብዙ ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። በ40 ዲግሪ ከተንቀጠቀጠው ይልቅ በ38 ዲግሪ የተንቀጠቀጠው ነው የሚደግመው፤ ትንሽ ሙቀት ከበቃው ሌላ ጊዜም ትንሹ ይበቃዋላ። አራተኛውም እንዲሁ ነው፤ ትኩሳቱ በተነሣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከመጣ ዕድሉ ይጨምራል። ከአራቱ አንዱም ከሌለ ከአምስት ልጆች አንዱን እንኳ አይደግመውም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲገኙ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይደግማቸዋል። ያንቺ ልጅ በ14 ወሩ ነው የጀመረው፤ አባቱ ነበረበት፤ ትኩሳቱን ያያችሁት መንቀጥቀጡ ከመጣ በኋላ ነው። ሦስቱ ተሟልተዋል።

ታዲያ ደግሞ እንዳለ አይዘልቅም። የሚደግማቸው ልጆች አብዛኞቹ ከመጀመሪያው በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ነው የሚደግማቸው። ሁለት ዓመት ካለፈ ወዲያ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ ወደ አምስተኛ ዓመቱ ሲጠጋ ለአብዛኞቹ ጨርሶ ይተዋል። ስለዚህ ከፊትሽ ያለው የሁለት የሦስት ዓመት ነገር እንጂ የዕድሜ ልክ አይደለም። አማትሽን እስቲ ጠይቂያቸው። ባለቤትሽን በስንት ዓመቱ ተወው? ያን ጊዜ እሳቸው ብቻቸውን ያን ሁሉ ችለው ነው ለዚህ ያደረሱት። የልጃቸውን ነገር ሲያወሩ ለልጅ ልጃቸው ያላቸው ፍርሃትም ይረግብ ይሆናል።

ስለሚጥል በሽታው። በአሜሪካ ከትኩሳት ጋር የተንቀጠቀጡ 1,706 ሕፃናት እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ ተከታትለዋቸው ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከእነዚያ መካከል የሚጥል በሽታ የያዛቸው ከ100 ሁለቱን ነው። ከመጀመሪያውም ጤናማ የነበሩትና አጭር መንቀጥቀጥ የነበረባቸው ለብቻ ሲታዩ ደግሞ ወደ 1 ይወርዳል። ምንም መንቀጥቀጥ ያላገኛቸው ልጆችም እኮ ጥቂቶቹን የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል፤ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ከዚሁ ጥናት ልጆች የተወሰኑትን ካልተንቀጠቀጡ እህትና ወንድሞቻቸው ጋር አስተያይተዋቸው፣ በማሰብም በመማርም ልዩነት አላገኙም።

ይህ የሚሠራው «ቀላል» ለሚባለው ዓይነት ነው። ቀላል የሚባለው መላ ሰውነቱን እኩል ሲያንቀጠቅጠው፣ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ሲያቆም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም አንድ ጊዜ ብቻ ሲመጣ ነው። አንድ እጁን ወይም አንድ ጎኑን ብቻ ቢያንቀጠቅጠው፣ በአንድ ቀን ሁለቴ ቢመጣበት፣ ወይም ከነቃ በኋላ አንድ እጁ ቢዝልበት ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪ፤ ክትትሉ ሌላ ነው። ምንም ትኩሳት ሳይኖረው ካንቀጠቀጠው ደግሞ ጥያቄው ተለወጠ ማለት ነው፣ የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ጊዜ በትኩሳት መሆኑን ስለጻፍሽልኝ አሁን ለዚያ የምልሽ ምክንያት የለኝም።

አሁን ወደ ፓራሲታሞሉ። እባክሽ ይህን ዛሬውኑ አቁሚ፤ ባልተኮሰው ልጅ ላይ በየአራት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር መስጠቱን ማለቴ ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛና ሲደጋገም ጉበት ይጎዳል። በዚያ ላይ የምትሰጪበት ምክንያት ራሱ አይሠራም። ትኩሳት ማውረጃ አስቀድሞ መስጠት የሚቀጥለውን መንቀጥቀጥ ይከላከላል ወይ የሚለው በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ በሚቀጥለው ሕመም እንዳይመጣ እንደሚያደርግ አልታየም። እሱ የሚያገለግለው ልጁ ተጎሳቁሎ ሲያለቅስ፣ አልበላም አልጠጣም ሲል፣ ለማሳረፍ ነው። ሲተኩሰው በኪሎው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስጪው፤ በመሐሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ይለፍ፣ በቀንና ሌሊት ከአራት ጊዜ አይብለጥ። የሽሮፕ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቢና አብሮት በሚመጣው መስፈሪያ ለኪ፤ የወጥ ቤት ማንኪያ ልኩ አይታወቅም። አስፒሪን ለሕፃን አይሰጥም። በቀዝቃዛ ውኃ መንከርና በአረቄ ማሸትም ይቅር፤ ልጁን ያንዘፈዝፈዋል፣ አረቄው ደግሞ በቆዳው ይገባል። ብርድ ልብሱንና የደረበበትን ሹራብ አንሺለት፣ የሚጠጣ አብዢለት፣ ይበቃል።

እጅሽን ከግንባሩ ላይ አንሥተሽ ተኚ የምልሽም ለዚሁ ነው። ትኩሳቱን በጥበቃ ልትቀድሚው አትችይም፤ በመጀመሪያው ጊዜ መንቀጥቀጡ ራሱ ነው የቀደማችሁ። እንቅልፍ ያጣች እናት ደግሞ ልጇ በእውነት በታመመ ቀን አቅም ታጣለች።

የጓደኛሽን ኪኒን መልሺላት። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ለሕፃናት በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። እሱ በየቀኑ ከተወሰደ የመድገሙን ዕድል የቀነሰባቸው ጥናቶች አሉ፣ ይህን አልክድም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ልጁ እረፍት ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ እንቅልፉ ይታወካል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መድኃኒቱን ሁለት ዓመት እንዲወስዱ የተደረጉ ሕፃናት በአእምሮ ምዘና ከሌሎቹ በ8 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብለው እንደተገኙ አሳይቷል። ቫልፕሮዬት የሚባለው ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ላይ ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ልጅሽ ገና ሁለት አልሞላውም። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ለቀላሉ ዓይነት የዕለት ተዕለት መድኃኒት አይመከርም ያለው። ራሱ የሚያልፍን ነገር ለመከላከል በየቀኑ የሚጎዳ ነገር መስጠት ሚዛኑ አይደፋም። የጓደኛሽ ልጅ የታዘዘለት የራሱ ምክንያት ኖሮት ይሆናል፤ እሷም ሐኪሙን ሳታማክር በድንገት አታቋርጥ በያት።

እሺ፣ መጣ እንበል። ምን ይደረግ? ይህን ክፍል ለቤተሰቡ ሁሉ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

መጀመሪያ ሰዓት ይታይ። ስልክ የያዘ ሰው ሰዓቱን ያንብብ፣ ወይም የስልኩን መቁጠሪያ ያስጀምር። ሁለት ደቂቃ ለእናት ግማሽ ሰዓት ትመስላለች፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብሎ ነው። ልጁን ወለሉ ላይ፣ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ላይ አውርጂው፤ አልጋና ሶፋ ላይ ከሆነ ይወድቃል። በዙሪያው ጀበናም ከሰልም ካለ ይራቅ። በጎኑ አስተኝው፤ ምራቁም ትውከቱም ወደ ውጭ እንዲፈስ ፊቱ ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብል። አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ፍቺ። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ እዪ። እጅና እግሩን ጨምቆ መያዝ መንቀጥቀጡን አያስቆምም፣ አጥንት ግን ሊሰብር ይችላል። ከንፈሩ ቢጠቁርም አትደንግጪ፤ ለአፍታ አተነፋፈሱ ስለሚዛባ ነው፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ይመለሳል።

ምላስ አይዋጥም። ሥሩ ከአፍ ወለል ጋር የተያያዘ ሥጋ ነው፣ ወደ ጉሮሮ ተንሸራቶ የሚሄድ ነገር አይደለም። ልጁ ምላሱን ቢነክስ እንኳ ይቆስልና በጥቂት ቀን ይድናል። ማንኪያ ግን ምን እንደሚያደርግ አይታችሁታል። የተሸረፈው ጥርስ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችል ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ይየው፣ የወተት ጥርስ ነው ብለሽ አትተዪው። ክብሪቱም እንዲሁ ነው። ሁላችንም ያደግነው መንገድ ዳር የወደቀ ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት ሲጫር እያየን ነው፤ ግን በዚያ ጢስ የቆመ መንቀጥቀጥ የለም። አብዛኛው በአንድ ሁለት ደቂቃ ራሱ ስለሚያቆም ክብሪቱ ያስቆመው ይመስላል። መተንፈስ ለተቸገረ ሕፃን የድኝ ጢስ መስጠት ነው፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። ውኃ አይርጩበት፤ በአፉም ምንም አይግባ፤ ሽሮፑም ቢሆን በደንብ ነቅቶ መዋጥ እስኪችል ይቆይ።

አምስት ደቂቃ ካለፈ ግን አትጠብቂ። በዚያ ልክ የቆየ መንቀጥቀጥ በራሱ የማቆም ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ማስቆሚያ መድኃኒት ይፈልጋል፣ ያም በጤና ተቋም ነው የሚሰጠው። ስትወስጂው ደግሞ በነጠላ ጀርባሽ ላይ አዝለሽው አትሩጪ። ስንደነግጥ ሁላችንም የምናደርገው እሱን ነው፤ ግን የታዘለ ልጅ ፊቱ አይታይም፣ ቢያስታውከው አታውቂም፣ ደረቱም ይታፈናል። ባጃጅ ውስጥ ጭንሽ ላይ በጎኑ አጋድመሽው፣ ፊቱን እያየሽ ሂጂ። በሌሊት ባጃጅ ማግኘት ችግር ነው፤ ሰፈራችሁ ከሚያድሩት የሁለት ሾፌር ስልክ ዛሬውኑ ይዘሽ፣ አማትሽም ስልክ ላይ ጫኚው።

ሲያቆም ልጁ ይዝላል፣ ያንቀላፋል፣ ሲነቃም ለጊዜው ሰው ላይለይ ይችላል። ይህ ያለ ነው። ቀስ በቀስ እየነቃ፣ ስሙ ሲጠራ እየዞረ መምጣት አለበት። ግማሽ ሰዓት አልፎ እንኳ ካልነቃ ከባድ ነገር ሊኖር ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ ስላነበብሽው ምክር አጥብቄ የምልሽ አለ። ያ ምክር ሐሰት አይደለም፤ የተጻፈው ግን ወባ ለሌለበት አገር ነው። እኛ ያለነው ጅማ ነው። ከተማዋም ከወባ የጸዳች አይደለችም፤ የምትሄጂበት አሰንዳቦ ደግሞ ለግልገል ጊቤ ግድብ ቅርብ ነው፣ በዚያ አካባቢ ወባ የቆየ ችግር ነው። ወባ ትኩሳት ያመጣል፤ ትኩሳቱም እንዲህ ያንቀጠቅጣል። አንዱ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ አንጎል ላይ ሲወጣ ግን መንቀጥቀጡ የትኩሳት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ሊጀምር ይችላል። የአገራችን የጤና ሠራተኞች የሚሠሩበት የሕፃናት ሕመም መመሪያም የታመመ ሕፃን ተንቀጠቀጠ ከተባለ እንደ አደጋ ምልክት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ቢሆንም፣ ሦስተኛም አራተኛም ጊዜ ቢሆን፣ ባቆመ ማግስት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰጂው። «ለምደነዋል፣ የትኩሳቱ ነው» ብሎ ቤት መቅረት ለጅማ አይሆንም።

እዚያ ስትደርሺ «ይህ ልጅ በፊትም በትኩሳት ተንቀጥቅጧል» በያቸው፤ ግን በዚያ አታብቂ፣ «የዛሬው ትኩሳት ከምን እንደመጣ ፈልጉልኝ» በያቸው። የወባ ደም ምርመራ ይደረግለት። አሰንዳቦ ወይም ሌላ ቆላ ስፍራ በቅርብ አድራችሁ ከነበረ ሳትጠየቂ ተናገሪ። የደሙ ስኳርም ይታይ። አንገቱ ከደረቀ፣ ያለማቋረጥ ካስታወከ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ዐይኑን መግለጥ ካልቻለ ወይም ደግሞ ካንቀጠቀጠው እዚያው ይቆይ፤ «ደህና ነው፣ ውሰጂው» ቢሉሽም እነዚህን ጠቁመሽ ደግመሽ ጠይቂ። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ከጀርባው ፈሳሽ ይቀዳ ካሉሽም አትከልክይ፤ ማጅራት ገትርን በእርግጠኝነት የሚለየው እሱ ነው። ደግሞም ከመሄድሽ በፊት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ወይም ካለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን አትስጪው፤ በግማሽ የታከመ ማጅራት ገትር ምልክቱን ይደብቃል።

ለዒድ መሄዱን አልከለክልሽም። እናትሽም የልጅ ልጃቸውን ይዩ። አጎበር ይዘሽ ሂጂ፣ ከመምሸቱ በፊት ይዘርጋለት፣ እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ሌሊት እንደሚሠራ አስቀድመሽ አጣሪ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቢተኩሰው ጉንፋን ነው ብለሽ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። አንድ ልብ የምትይው ነገር፦ ወባ ያንዘፈዝፋል፤ ብርድ ብርድ ብሎት ጥርሱ የሚፋጭ ልጅ ግን ያይሻል፣ ያለቅሳል፣ ጡትም ይፈልጋል። ራሱን ከሳተ ነው መንቀጥቀጥ የምንለው። ሁለቱም ሐኪም ያስፈልጋቸዋል፤ ለሐኪሙ የትኛው እንደነበር መንገር ግን ብዙ ይረዳል።

አማትሽን በተመለከተ ከእሳቸው ጋር አትጣዪ። ማንኪያውን የከተቱት ከፍቅር ነው። እንጥል መቁረጡ ላይ ግን አትለሳለሺ፤ ከመንቀጥቀጥ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። ደም የሚፈሳቸው፣ በቆሸሸ ምላጭ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን የሚይዛቸው ሕፃናት አሉ። ባለቤትሽ ይናገራቸው፤ ከልጅ አፍ ሲወጣ ይቀላል። ለእሳቸውም የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። መንቀጥቀጡ ሲመጣ ሰዓት የሚያዩት፣ ሰው ከክፍሉ የሚያስወጡት እሳቸው ይሁኑ። ዱዓቸውን ያድርጉለት፣ ቁርኣን ይቅሩለት፣ ማን ይከለክላቸዋል? ልጁ በጎኑ ተኝቶ፣ አፉ ነፃ ሆኖ ብቻ ይሁን። ሥራ የሌለው ሰው ነው ማንኪያ የሚፈልገው።

ሥራሽ ተመለሺ። ልጁን የምትተዪላት ሞግዚትም ትሁን አማትሽ፣ አንድ ከሰዓት ተቀመጡና ተለማመዱ። ትራስ መሬት ላይ አስቀምጡ፤ በጎን ማዞሩን፣ ሰዓት ማየቱን፣ ማን ባጃጅ እንደሚጠራ፣ ማን ካርዱን እንደሚይዝ በየተራ አድርጉት። ነግረሻት ብቻ አትሂጂ፤ ስታደርገው እዪ። የልጁን ኪሎ፣ የመድኃኒቱን ልክ፣ ያንቺንና የባለቤትሽን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ። አሠሪሽም ስልክሽ ሲጠራ መውጣት እንዳለብሽ ከአሁኑ ይወቅ።

የቀረው ክትባቱ ነው። በ15 ወር የሚሰጠው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ አምልጦታል። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ክትባት አይከለከልም። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ከሳምንት እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ የተወሰኑ ልጆችን ይተኩሳቸዋል፤ ከእነሱም ጥቂቱን ሊያንቀጠቅጣቸው ይችላል፣ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ኩፍኙ ራሱ ግን ለቀናት የሚነድ ትኩሳት ነው የሚያመጣው፤ ሳንባም አንጎልም ይነካል፤ በአገራችን ደግሞ ወረርሽኙ አልቆመም። መንቀጥቀጥ ፈርቶ ኩፍኝን መጥራት አይሆንም። ቀኑ አልፏል ብለሽም አትቅሪ፣ ዘግይቶም ይሰጣል። የክትባት ካርዱን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሁለት ጊዜ በትኩሳት እንደተንቀጠቀጠ ለምትከትበው ባለሙያ ንገሪያት፣ ከተከተበ በኋላ ሰባተኛውንና 12ኛውን ቀን ካሌንደር ላይ አክብቢና በመሐሉ ባሉት ቀናት ልጁን የሚይዘው፣ ትራሱ ላይ የተለማመደው ሰው ይሁን።